ብርድ ልብስ የለበሰው ፍሪጅ

ነገሩ ሁሉ ከመለወጡ በፊት፣ በመርሳ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው የእትየ መሪማ ቤት፣ የሳሎኑ ፍሪጅ እንዲህ ነበር። ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ቆሟል። ከላዩ ቀይና ቡናማ ብርድ ልብስ ደርቧል፤ ብርድ ልብሱ ከፊት እስከ እጀታው፣ ከኋላ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በሩ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ግን አይዞርም፣ የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩም፣ አይነሳም። ከጀርባው በኩል አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ውስጡ እንደ ውጭው ይሞቃል፤ የመርሳ ውጭ በግንቦት ምን እንደሚመስል ደግሞ የኖረበት ያውቀዋል። እትየ መሪማ ለስኳር ሕመማቸው የሚወጉት መድኃኒት ከፍሪጁ ወጥቶ፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ከአልጋቸው ሥር ተቀምጧል።

የዙልፋና የኡበይደላ ጉዳይም እንደዚሁ ቆሞ ነበር።

ኡበይደላ የእትየ መሪማ ልጅ ነው። ከግራና ከተማ ማንጎና ፓፓያ እየጫነ ወልዲያ ያራግፋል። ዙልፋ የበያጁ የሙስዐብ ልጅ ናት፤ ወልዲያ ሙያ ተምራ ተመልሳ በየቤቱ እየዞረች ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ትጠግናለች። ሁለቱ እንደሚዋደዱ የመርሳ ገበያ ያውቃል። ረመዳን እንደወጣ ኡበይደላ ሽማግሌዎች ልኮ ነበር፤ ወደ ሙስዐብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት መጀመሪያ የእናቱን ፈቃድ እንዲያመጡለት። እትየ መሪማ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ ምሳ አብልተው፣ እጃቸውን አስታጥበው ሲያበቁ እንዲህ ብለው መለሷቸው፦ «ልጅቷ እንከን የላትም። አያቷ ግን ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። እኛ ከባለ እጅ ጋር ተጋብተን አናውቅም።»

ባለ እጅ የሚባል ሰው ዓይኑ ያረፈበት ወተት አይበረክትም፣ ያየውም ምግብ ይጎዳል የሚል ወሬ በአገሩ ከጥንት የኖረ ነው። ዙልፋ በዚህ ወሬ ውስጥ አድጋለች። ሰው ቤት ወተት ሲቀዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር የለመደችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ነው ያስተማራት። «ካላየሽ ማንም ምንም አይልሽም» ብሏት።

ፍሪጁ የቆመ ጊዜ ከወልዲያ የመጣው ባለሙያ ጀርባውን ሳይከፍት «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ሄደ። የድሮው ፍሪጅ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥቶ የቀረ ስለሆነ ይህኛው ለእትየ መሪማ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር። ዙልፋ እንድታየው ኡበይደላ ሲለምናቸው ሰነበተ። በመጨረሻ ለዙልፋ በስልክ እንዲህ ጻፈላት፦ «እማየ እሺ ብላለች። ነገ ነይ።»

ዙልፋ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። እሺ የተባለው ለካቻቪቴዋ እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ።

*

የእትየ መሪማን የግቢ በር የበየደው አባቷ ነው። ዙልፋ ከመግባቷ በፊት የብየዳውን መስመር በጣቷ ዳሰሰችው፤ የአባቷን እጅ ከማንም እጅ ለይታ ታውቃለች።

ኡበይደላን ያየችው በሳሎኑ መስኮት በኩል ነው። ከቆመ ወዲህ እንደ ቁም ሣጥን ከሚያገለግለው ፍሪጅ የወተት ማሰሮ ያወጣል። ማሰሮው ላይ ሻሽ ጣል አደረገ፤ ከዚያ ጥግ ጥጉን ወደ ውስጥ አጠፈው። አጎንብሶ አየው፤ አንድ በኩል ተገልጦ ስለነበር ያንንም አስተካከለው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ኡበይደላ ማሰሮውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ዙልፋ የመሣሪያ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። መመለስ ትችል ነበር። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ገባች።

«ወዐለይኩም ሰላም፣ የሙስዐብ ልጅ» አሉ እትየ መሪማ ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ። «ፍሪጁን ባዶ አድርገነዋል። እንዲመችሽ ብለን ነው።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ እትየ።»

የኡበይደላ ታናሽ እህት ነሲባ ብርድ ልብሱን ስትገፍፍ ሳቀች። «እኛ ቤት ሙሽራ የሆነው ይሄ ፍሪጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ ወዲህ ተከናንቦ ነው የሚውል። ፊቱን ያየ የለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አሉ እናቷ።

ዙልፋ የሰማችውን በልቧ ይዛ ሥራዋን ጀመረች። ሶኬቱን ነቀለች። ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ጠበቀች። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ከጀርባው ያለውን የቆርቆሮ ክዳን ፈትታ አነሳች፤ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በቀይና በቡናማ የብርድ ልብስ ጠጉር ተደፍኗል። አንድ ሽቦ ከመንቀሏ በፊት ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አነሳች። ቴስተሩን በኮምፕረሰሩ ሦስት እግሮች ላይ እየቀያየረች ለካች፤ ሦስቱም ንባብ እኩል መጣ። ሞቷል የተባለው ኮምፕረሰር ደኅና ነው። የቆመው ተነሳ የሚለው ስለጠፋ ነው፤ ያንን የሚያዘው ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ቦርዱ ነው። ቦርዱን አውጥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ካፓሲተር የሚባለው ጣት የሚያህል ሲሊንደር አናቱ አብጧል። ዙሪያው ቡናማ እስኪሆን ተጠብሷል። በአንድ ቀን የተቃጠለ አይመስልም፤ ሙቀት መውጫ አጥቶ ቀስ እያለ የበላው ነው።

«ምን አገኘሽ?» አሉ እትየ መሪማ።

«ቦርዱ ነው። ቁጥሩን ይዣለሁ፤ በቁጥሩ አፈላልጌ አመጣለሁ።»

«ምን ነካው ታዲያ?»

ዙልፋ ተጣጥፎ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብርድ ልብስ አየች። ከጓዳው ደፍ ላይ ኡበይደላ ቆሟል። «አዲሱ ሲመጣ እነግርዎታለሁ» አለች።

ከግቢው ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። አላነሳችውም። በዓይኗ ላይ የቀረው የተበላሸው ቦርድ አልነበረም፤ የሻሹን ጥግ የሚያጥፉት ሁለቱ ጣቶች ነበሩ።

*

ወልዲያ ያለው ባለሱቅ ተመሳሳይ ቦርድ አለኝ አላት። ሄዳ አየችው። መጠኑም የሽቦ መሰኪያውም አንድ ነው፤ የቁጥሩ መጨረሻ ግን ይለያል።

«እሱን ተይው፣ ይገጥማል» አለ ባለሱቁ። «ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚያስገባው።»

«መግጠሙን አየሁት። መሥራቱን ነው ያላወቅኩት» ብላ ትታው ወጣች።

ትክክለኛው ቦርድ ከደሴ በሚኒባስ መጣ። ያን ቀን ዙልፋ ውርጌሳ ከተማ የአንድ ምግብ ቤት ፍሪጅ ስትጠግን ስለዋለች እዚያው ተቀበለችው። ዕቃውን ከላስቲኩ አውጥታ ቁጥሩን ከተበላሸው ጋር ስታመሳክር ፓፓያ የጫነ አይሱዙ ከአጠገቧ ቆመ። ኡበይደላ ወረደ።

«ስልክሽ አይመልስም።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ሥራ ላይ ሆነሽ ትመልሺልኝ ነበር።»

ቦርዱን በጨርቅ ጠቀለለችው። «ወተቱን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

«እማየ አውጣ አለችኝ።»

«እሷ ትበል። በእሷ አላዘንኩም፤ የእሷን ሳድግ የማውቀው ነው። አንተ ግን ጥግ ጥጉን አስተካከልክ። እንዳይታየኝ ብለህ እንደገና አየኸው።»

ኡበይደላ አንገቱን ደፋ። መኪኖች አለፉ፤ አንዱ ሹፌር ያውቀው ስለነበር ጥሩንባ ነፋለት፤ ቀና ብሎ አላየውም።

«ወተቱ ካልወጣ አትገባም አለች» አለ በመጨረሻ። «እንድትገቢ ብዬ አወጣሁት። ጥጉን ያጠፍኩት ደግሞ ሰበብ እንዳታገኝ ነው። በመስኮቱ በኩል ስታዪኝ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ላስረዳሽ አልቻልኩም። አፈርኩ።»

ዙልፋ ፊቱን አጠናችው። ነገር መመርመር እንደለመደ ሰው፣ የምትፈልገውን ሳይሆን ያለውን ለማየት ሞከረች። እዚያ ያለው እፍረት ነበር። ንቀት አልነበረም። ቀናቱን ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አላት።

«ስሚኝ» አለ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ። «ሐራ ከተማ አጎቴ አለ። አባትሽ እሺ ካለ ኒካሑን እዚያ እናስር። እማየ ሲገባት ይገባታል።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የግቢያችሁን በር አባቴ ነው የሠራው። ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ከውጭ ቆሞ ነው የተሰናበተው፤ ግባ ያለው የለም። እኔ በዚያ በር ነው የምገባው። በቀን፣ ሰው እያየ።»

«እማየ ባትፈቅድስ?»

«ሐሙስ ሽማግሌዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ትልካቸው የለ? ከመለሰቻቸው እንደገና ትልካለህ።»

«ያኔስ ብትመልሳቸው?»

«ምሳው ጥሩ ነው ብለዋል። አይሰለቻቸውም።»

ኡበይደላ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ውሃ ቋጥሮ ነበር። «እኔስ እስከዚያ ምን ላድርግ?»

«ወተት አትሸፍን» አለችው።

አይሱዙው ወደ መርሳ ሲያቀና ዙልፋ ከመንገዱ ዳር ቆማ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቦርድ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ፈርታለች፤ ውሳኔዋ ግን ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ ኡበይደላ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳበላት። ዙልፋ አዲሱን ቦርድ አስቀመጠች፤ ፎቶውን እያየች ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሰካች፤ እያንዳንዱን ቀስ ብላ ጎተት አድርጋ መያዙን አረጋገጠች። የአየር ማስገቢያውን ጠረገች። ክዳኑን መለሰች። ሶኬቱን ሰካች።

ቀጭ አለ። ከዚያ ማራገቢያው ዞረ። ቀጥሎ ከሥር የኮምፕረሰሩ ድምፅ ቀስ እያለ ተነሳ።

ነሲባ እልል ልትል አፏን ከፈተች። «ቆዪ» አለቻት ዙልፋ። «ተነሳ እንጂ ገና አልዳነም።»

እትየ መሪማ አልሐምዱሊላህ ብለው ከፍራሹ ተነሱ። ብርድ ልብሱን ዘርግተው እንደወትሮው ሊያለብሱት አነሱ።

ዙልፋ ይህን ጊዜ ስታስበው ነበር የከረመችው። ዝም ብትል ልብሱ ይመለሳል፤ አዲሱ ቦርድም እንደ አሮጌው ይጠበሳል። ያኔ ሰው የሚለውን ታውቃለች፤ እጇ ነው ይላሉ፣ ዓይኗ ነው ይላሉ። ብትናገር ደግሞ ሐሙስ ሳይደርስ ነገሩ ሊያልቅ ይችላል።

«እትየ፣ ብርድ ልብሱ አይመለስ» አለች።

«ለምን?»

«ቦርዱን የገደለው እሱ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው በዚህ በጀርባው ነው። እሱን ጋረደው። ጠጉሩም ገብቶ ቀዳዳውን ደፈነው።»

እትየ መሪማ ብርድ ልብሱን እንደያዙ ቀሩ። «ብርድ ልብስ ምን አቅም አለው? ጨርቅ እኮ ነው።»

«እንየው። ያልብሱትና ዙሁር ሰግደን እስክንመለስ እንተወው። ከዚያ በእጅዎ ይፍረዱ።»

አለበሱት። ውዱእ አድርገው ከጓዳው በስተጀርባ ባለው ክፍል ምንጣፍ ዘረጉ። ነሲባ በአንድ በኩል፣ ዙልፋ በሌላው፣ እትየ መሪማ ከመሐል ቆሙ። የሰጋጆቹ ረድፍ፣ ሰፉ፣ እንዲጠጋጋ ትከሻ ለትከሻ መንካት ግድ ነበር። የእትየ መሪማ ትከሻ የዙልፋን ነካ፤ አልሸሸም። ሱጁድ ሲወርዱ የሁለቱ ግንባር በአንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን አረፈ። ዙልፋ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ እንዳልሆነች ተሰማት።

ሲመለሱ ብርድ ልብሱን ከኋላ በኩል ገለጥ አደረገችና «እጅዎን እዚህ ያሳርፉ» አለቻቸው። እትየ መሪማ መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው አነሱት። እንደገና አሳረፉ።

«ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ነው የሚመስለው» አሉ ቀስ ብለው።

ልብሱ ተገፈፈ፣ ፍሪጁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር እንደራቀ ተተወ። አንድ ሰዓት ቆይተው እጃቸውን መለሱት። ቆርቆሮው ለብ ብሎ ብቻ ነበር። እትየ መሪማ እጃቸውን እዚያው ትተው ወደ ዙልፋ ዞሩ።

«ይሄን ልብስ ለምን እንዳለበስኩት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እትየ።»

«ነሲባ ናት የነገረችሽ?»

«ቀዳዳው ላይ ጠጉሩን ሳይ ገባኝ። ከእኔ ዓይን ሊጠብቁት ነው።»

ነሲባ አቀረቀረች። ኡበይደላ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ።

«አውቀሽ ነው ታዲያ የሠራሽው?» አሉ እትየ መሪማ። «ከወልዲያ የመጣው ሰው ኮምፕረሰር ነው ብሎ ሄዷል። አንቺም እንደሱ ብለሽ ብትሄጂ የሚጠይቅሽ አልነበረም።»

«መድኃኒትዎ አሸዋ ውስጥ መሰንበቱ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች ዙልፋ። እጇ ካቻቪቴውን አጥብቆ ይዟል። «ስለ ልብሱ ባልነግርዎ ኖሮ አያዝኑብኝም ነበር። ነገ ሲቃጠል ግን ያው በእኔ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ቢያዝኑብኝ ይሻላል። አያቴ ማረሻ ይሠራ ነበር፣ አባቴ በር ይሠራል፣ እኔ ይሄን እሠራለሁ። በእጄ አላፍርም። ዓይኔን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ወተት አዙሬ ኖሬያለሁ፤ ደከመኝ።»

«እማየ» አለ ኡበይደላ፣ «ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ—»

«አንተ ዝም በል። ስለ ፍሪጅ ነው የምናወራው።»

ኡበይደላ ወደ በሩ ተመለሰ። ዙልፋ መሣሪያዋን መሰብሰብ ጀመረች። እትየ መሪማ በክፍቱ በር በኩል ወደ ግቢው ይመለከቱ ነበር።

«ያ የአባትሽ በር» አሉ፣ «ስንት ክረምት ወርዶበታል። አንድ ቀን አላንቋረረም።»

ዙልፋም ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። እንባዋ ሳትጠራው መጣ፤ ካቻቪቴዋን ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልግ መስላ አጎነበሰች።

«አሁን ዕቃ ይግባበት?»

«ይግባበት። ባዶ ፍሪጅ መብረዱ አይቆጠርም። እንደ ደንቡ ተሞልቶ ይደር። ይሄን ቴርሞሜትር ከመሐከለኛው መደርደሪያ ትቼዋለሁ፤ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።» ትንሽ ቆም አለች። «ካልፈቀዱ ነሲባ ከፍታ ታንብብልኝ። እኔ ደጅ እቆማለሁ።»

እትየ መሪማ የፍሪጁን በር ዘግተው ወደ ጓዳ ገቡ። ኡበይደላ እስከ ግቢው በር ሸኛት። እጇን አልያዘም፤ የያዘው አባቷ የበየደውን ብረት ነበር፤ እሷ ከመንገዱ እስክትጠፋ አልለቀቀውም።

*

ሐሙስ ጠዋት በሩን የከፈተችላት ነሲባ ናት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለቻት ብቻ፤ ዘወትር የማይዘጋው አፏ ሌላ አልጨመረም።

ዙልፋ እንዳለችው ከሳሎኑ ደጅ ቆመች። ፍሪጁ ከግድግዳው ስንዝር ርቆ ራቁቱን ቆሟል። ብርድ ልብሱ ከደጅ ገመድ ላይ ታጥቦ ተሰጥቷል። ከአልጋው ሥር የነበረው የአሸዋ ማሰሮ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ነው። ኡበይደላ ከማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ያያታል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«ለምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ» አሉ እትየ መሪማ ከውስጥ።

ገባች።

እትየ መሪማ ፍሪጁ ፊት ቆመው ነበር። ነሲባን አልጠሩም። እጀታውን ራሳቸው ይዘው በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። በመሐከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከመድኃኒቱ ብልቃጥ አጠገብ፣ አፉ ሰፊ የብርጭቆ ጆግ ሙሉ ወተት ይዞ ተቀምጧል። ክዳን የለውም። ሻሽም የለውም።

የዙልፋ አንገት በልማድ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አትዙሪ» አሉ እትየ መሪማ። «ከዐስር ሶላት በኋላ እንግዶች አሉን። የማቀርብላቸው ይሄንን ነው። አንቺ ሳታዪው አላቀርበውም። ነይ፣ ዙልፋ፣ እዪልኝ።»

ፊቷን መለሰች። ነጩን ወተት ላዩ ላይ የሰፈረውን ቀጭን ስልባቦት ሳይቀር ቀጥ ብላ አየችው። በሰው ቤት ወተት ይህን ያህል አይታ አታውቅም። ኡበይደላ ግድግዳውን ለቆ ወደ እናቱ ጎን ሲመጣ ኮቴውን ሰማች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም።

«ማሻአላህ» አለች።

«ስንት ይላል?» አሉ እትየ መሪማ።

ዙልፋ እንባዋን በክርኗ ጠርጋ ጎንበስ አለች፤ እንዳትሳሳት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ክዳን ከሌለው ወተት ጎን የቆመው ቴርሞሜትር አራት ዲግሪ ይላል።